በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ ደብተር

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ያጋጠመኝን ነው የምጽፈው። ጥፋቱ በአብዛኛው የእኔ ስለሆነ የሆስፒታሉንም ሆነ የታካሚውን ስም ማንሳት አያስፈልግም።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ የሥራ ላይ ሥልጠና በተመለስኩ ሰሞን ነው። አሠልጣኛችን በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስለታተመ አንድ ጥናት ነግሮን ነበር፤ ክብደት ለመቀነስ ከተመዘገቡ 1,700 ገደማ ሰዎች መካከል የሚበሉትን በየቀኑ ሲጽፉ የቆዩት፣ ምንም ካልጻፉት እጥፍ ያህል ቀንሰው መገኘታቸውን የሚያሳይ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። ከደመወዜ አውጥቼ 20 ባለ 50 ገጽ ደብተር ገዛሁ፤ ገጹን ሁሉ በማስመሪያ ለአራት ከፍዬ «ሰዓት»፣ «የተበላው»፣ «መጠን»፣ «አስተያየት» የሚል ርእስ ሰጠሁና ስኳራቸው አልወርድ ብሎ ላስቸገረን ሕሙማን አደልኩ። «አስተያየት» የሚለውን ዓምድ ያስቀመጥኩት ለራሴ ነበር።

ደብተር ከወሰዱት አንዱ በወጣትነታቸው አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ከጡረታ በኋላ ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ሲስተር፣ ደስ ሲላቸው ደግሞ ልጄ ይሉኛል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ያመጡት ደብተር ግማሹ በሰማያዊ፣ ግማሹ በጥቁር ቢክ፣ ሁለት ቀን ደግሞ በእርሳስ የተጻፈ ሲሆን፣ አንዱ ጥጉ የወጥ ዘይት ጠጥቶ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ይታይ ነበር። «ጠዋት 1 ሰዓት፦ ፍርፍር በቅቤ፣ አንድ ሳህን። 4 ሰዓት፦ ቡና አቦል፣ ስኳር 3 ማንኪያ። ቡና ቶና፣ ስኳር 3 ማንኪያ። በረካ አልጠጣሁም» ይላል አንዱ ገጽ። ያቺን «በረካ አልጠጣሁም» የምትለዋን ሳስታውስ ዛሬም ሆዴ ይባባል፤ ሦስተኛዋን ሲኒ መተዋቸውን አይቼ አበጁ እንድላቸው ነበር የጻፏት። እኔ ግን ያየሁት ስድስቱን ማንኪያ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ይመዝናልና በቀይ እስክሪብቶ ከብቤ «24 ግራም!!» ብዬ በአራተኛው ዓምድ ጻፍኩበት። ፍርፍሩንም፣ ቅቤውንም፣ በማግሥቱ ዝክር ተጠርተው የቀመሱትን ዳቦም እንዲሁ። በዚህም አላበቃሁም፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው እየሰማ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቡና በስኳር ሳይሆን ስኳር በቡና ነው» አልኳቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና «እሺ ሲስተር» ብለው ደብተሩን ለሁለት አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ቀጣዩ ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ፣ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ዋለ። በዚህ ጊዜ ይዘው የመጡት አዲስ ደብተር ነበር፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንድም ስርዝ ድልዝ ሳይኖረው፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ጠዋት 1 ሰዓት አጥሚት ያለ ስኳር፣ ምሳ ሩብ እንጀራ በምስር ክክ፣ ማታ ሩብ እንጀራ በጎመን፣ ቡና ያለ ስኳር። በደብተሩ መሠረት እኚህ ሰው ጥር 11 ቀን፣ የጥምቀት ዕለት፣ ሩብ እንጀራ በጎመን በልተው ውለዋል። ያን ገጽ አንብቤ ምንም ሳልጠረጥር ማለፌ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በቀይ እስክሪብቶዬ «ጎበዝ!» ብዬ ጻፍኩና ደብተሩን ለሥራ ባልደረቦቼ ጭምር አዞርኩት።

የሦስት ወር ስኳራቸው ግን 9.8 በመቶ ሆኖ መጣ። ለብዙ ሕሙማን የሚፈለገው ወደ 7 ግድም ነው። ሐኪሙ ውጤቱንና ደብተሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ ተመለከተና «ምግባቸው ይህን ያህል የተስተካከለ ከሆነ መድኃኒቱ አንሷቸዋል ማለት ነው» አለ፤ ስኳራቸውን እንዲያወርድ ጠዋት ጠዋት የሚወጉትን ኤንፒኤች ኢንሱሊን ከ22 ወደ 28 ዩኒት ከፍ አደረገው። በቀረበለት ማስረጃ ሌላ ሐኪምም ቢሆን ከዚህ የተለየ ነገር የሚያደርግ አይመስለኝም። ሆኖም የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ምርመራ ወደ ኋላ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት የሚናገር ነው፤ በእነዚያ ወራት ውስጥ ደግሞ ገና ነበር፣ ጥምቀት ነበር፣ የቅበላ ሰሞንም ነበር። የፍስኩን ወራት ስኳር ለመጣል የተጨመረው ስድስት ዩኒት ሊወሰድ የነበረው በጾሙ ወራት ነው። ይህን ሊያሳየን የሚችለው ብቸኛ ነገር የምግብ ማስታወሻው ነበር፤ እሱም አላሳየንም።

ከ12 ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ገደማ፣ ልጃቸው በላዳ ታክሲ ይዛቸው መጣች። ሸሚዛቸው በላብ ከጀርባቸው ተጣብቋል፤ እጃቸው መሪ እንደጨበጠ ሰው ወደ ፊት ተዘርግቶ ይንቀጠቀጣል። «ኬላው ተከፈተ ወይ? ኬላው ተከፈተ?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ 38 አነበብኩ። ከ70 በታች ሲሆን ወርዷል የምንለው ስኳር ነው ወደዚህ የደረሰው። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥራቸው ስንሰጣቸው ጥቂት ቆይተው ዐይናቸው ተገለጠ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ከዚያም እኔን አዩና «ሲስተር፣ ምን ሆኜ ነው እዚህ የተኛሁት?» አሉ። ከ15 ደቂቃ በኋላ 126 ሆነ። እኔ ግን ጉልበቴ ተንቀጥቅጦ ወንበር ፈለግሁ።

ነገሩን የገለጠችልኝ ልጃቸው ናት፤ የአባቷን ጫማ በእጇ እንደያዘች አልጋው ግርጌ ቆማ። «አባዬ እኮ እስከ 9 ሰዓት ነው የሚጾመው፤ መርፌውን ግን ጠዋት አያስታጉልም» አለችኝ። ደብተሩ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት አጥሚት የሚል መጻፉን ስነግራት አንገቷን ደፋች። ደብተሩን የጻፈው ልጇ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ነው፣ ጽሑፉ ያምራል፣ ለቀጠሮው ዋዜማ ማታ አያቱ እየነገሩት በአንድ ቁጭታ ሞላው። «ለምን?» አልኳት፣ መልሱን እያወቅሁት። «ሲስተር እንዳትቆጣ ብሎ ነው» አለች።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላብራራ። ኤንፒኤች ከተወጋ በኋላ ጉልበቱ የሚበረታው ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋ ሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ሆዱ ውስጥ ምግብ ሊኖር ይገባል ማለት ነው። ጋሼ ግን እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። በ22ቱ ዩኒት ጊዜ ረፋድ ላይ ድካም ድካም ይላቸው እንደነበር፣ ድካሙንም የጾም ነው ብለው ይተዉት እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። 28ቱ አላስቻላቸውም። እኔስ? አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ራሴም የምጾም ሰው፣ በሁዳዴ መካከል ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የመጡ አዛውንት ፊቴ ተቀምጠው «ይጾማሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንዴት ይሳነኛል? ደብተሩ መልስ የሰጠኝ መስሎኝ ነበር።

የድርጊቱን ሪፖርት ጽፌ ለክፍል ኃላፊያችን አስገባሁ። ቅጹ የሚጠይቀው የመድኃኒቱን መጠን፣ ሰዓቱንና የተደረገውን ርዳታ ብቻ ነው። ስለ ቀዩ እስክሪብቶ የሚጠይቅ ቦታ ስላልነበረው ከግርጌው በራሴ እጅ አንድ መስመር ጨመርኩ። ኃላፊያችን አንብበው ምንም ሳይሉ ፈረሙበት።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት የራሴን ምግብ ለመጻፍ ወሰንኩ፤ ለሰው ያደልኩትን ነገር እኔ ሞክሬው አላውቅም ነበርና። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ተሸነፍኩ። አራት ሆነን ከአንድ ትሪ በየዓይነቱ እንበላለን፤ እኔ የበላሁት ስንት እንጀራ ነው? ጉርሻዬን ልቆጥር ብዬ ሰባት ላይ ስደርስ ባልደረባዬ አጎረሰችኝና ቁጥሩ ጠፋኝ። ለመሆኑ ሰው ያጎረሰኝ በየትኛው ዓምድ ይገባል? በሩ ላይ ዘበኛው ከመዳፋቸው ያካፈሉኝ ቆሎ ማታ ስጽፍ ትዝ አላለኝም፤ ቆሜ የበላሁትን ሁሉ እንደ ምግብ አልቆጠርኩትም ነበር። «ሩብ እንጀራ» የምንለውም መለኪያ አልሆነም፤ ቤት የጋገርነውንና ከጉልት የገዛሁትን ሚዛን ላይ ባወጣቸው ትልቁ ከትንሹ በሩብ ያህል በለጠ። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ለአንዲት ባልደረባችን ሽኝት ሁለት ቁራጭ ኬክ በልቼ፣ ደብተሬን ገልጬ ስጽፍ የመድኃኒት ክፍሉ ልጅ በትከሻዬ በኩል ሲያይ ተሰማኝና «ትንሽ ኬክ» ብዬ ጻፍኩ። የሚቆጣኝ ሐኪም የለኝም፣ ተራ ጠባቂም አልሳቀብኝም፤ እጄ ግን በራሷ አሳነሰችው።

በኋላ ሳነብ በ1992 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ አንድ ጥናት አገኘሁ። ምንም ብንጾምና ብንቀንስ አልከሳ አለን የሚሉ ወፍራም ሰዎች የሚበሉትን እንዲጽፉ ተደርጎ፣ ልዩ ምልክት ያለው ውኃ ጠጥተው ሰውነታቸው ያቃጠለው ኃይል ሲለካ፣ የጻፉት ከበሉት በአማካይ በ47 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሥልጠናው ላይ የ2008ቱን ጥናት ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቢነግሩን ምንኛ ጥሩ ነበር።

ደብተሩን አልተውኩትም፤ አሠራሩን ግን ለወጥሁት። አራተኛውን ዓምድ ሰርዤ በምትኩ «ጾም ወይስ ፍስክ» እና «መርፌ የተወሰደበት ሰዓት» የሚሉ ሁለት ጠባብ ዓምዶች አስገባሁ። ግራም የሚባል ነገር ቀረ፤ ሲኒ፣ ማንኪያ፣ ጭልፋ፣ ግማሽ እንጀራ ይበቃል። ደብተር የምናየው በሩ ተዘግቶ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ ባለቤቱ ራሱ እያነበበ ነው፤ እኔ ምንም አልጽፍበትም። ሁሉም ተሳካ ማለቴ አይደለም፤ ከ20ዎቹ ደብተሮች ተመልሰው ያየኋቸው ዘጠኙን ብቻ ነው። ከዘጠኙ ግን በጣም የተማርኩባት ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አንዲት እናት ያመጧት ናት፤ ለእንጀራ ክብ፣ ለሲኒ ትንሽ ክብ፣ ለስኳር ነጥብ እያደረጉ፣ ከሲኒዎቹ አጠገብ ነጥቦቹ ከሳምንት ሳምንት ሲቀንሱ ገና ሳያስረዱኝ ከሩቅ ይታያል።

ጋሼን በተመለከተ ሐኪሙ መጀመሪያ ጾሙን እንዲያቆሙ ነግሯቸው ነበር። ለታመመ ሰው የንስሐ አባት ሊፈቅድ እንደሚችል ሳስታውሳቸው «የንስሐ አባቴማ ፈቅደውልኛል፤ ያልፈቀድኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ የጠዋቱ መርፌ ወደ 10 ዩኒት ወርዶ ትልቁ ድርሻ 9 ሰዓት ላይ ከሚበሉት ምግብ ጋር እንዲሆን፣ ኪሳቸውም ከረሜላ እንዳይለየው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ከረሜላውን እንደ ምግብ ሳይሆን እንደ መድኃኒት ቆጥረው ወዲያው እንዲወስዱት ተስማማን። ይህችን የመጨረሻዋን ለማስማማት ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብናል።

ከፋሲካ በኋላ በቀጠሯቸው መጡ። ደብተሩ በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ተጽፏል፤ ሽፋኑ ተቀድዶ በፕላስተር ተጣብቋል፣ መካከል ላይ ሽሮ ፈስሶበታል። መነጽራቸውን አድርገው ከመጨረሻው ገጽ ጀመሩልኝ። «ቅዳሜ፦ ሰርግ። ብዙ።»

«ብዙ ስንት ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሰርግ ቤት ማን ይቆጥራል? ብዙ ነው አልኩሽ እኮ» ብለው ገጹን ገለጡ።

ሐኪሙ ጾሙ ስላለቀ የጠዋቱን መርፌ ወደ ቀድሞው 22 ሊመልሰው ብዕሩን አንስቶ ነበር። ከመጻፉ በፊት ደብተሩን ከእሳቸው ተቀብሎ ወደ ኋላ ገለጠና ሰሙነ ሕማማት ላይ በእርሳስ፣ በተንጋደደ ጽሑፍ የሰፈረች አንዲት መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ፦ «ማክሰኞ 6 ሰዓት ተኩል፦ ከረሜላ 2። እጄ ተንቀጥቅጦ።» በ10 ዩኒት ነው ይህ የሆነው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ካርዱ ላይ 16 ብሎ ጻፈ።