የቦርጭ እቁብ

ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው የተቆረጠ ጣት ማሰር፣ ደም ግፊት መለካትና “ሲስተር፣ የራስ ምታት ኪኒን አለ?” ለሚለው ሁሉ መልስ መስጠት ነው። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ግን ሌላ ሥራ ተጨመረልኝ። የቦርጭ እቁብ ዳኛ ሆንኩ።

ነገሩ የተጀመረው በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው። ሁዳዴን ጾሞ የከረመው ሁሉ ዶሮውንም ክትፎውንም ድፎ ዳቦውንም ሲያወራርድ ሰንብቶ ሥራ ሲገባ ሱሪው አልቆለፍ አለው። ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲተራረቡ አንዱ “ለምን ብር አናሲዝም?” አለ። በነፍስ ወከፍ 1,000 ብር ተዋጣ። በሁለት ወር ውስጥ በብዛት የቀነሰ ሁሉንም ይወስዳል። እቁብ ተባለ እንጂ ዙር የለውም። አንዱ በልቶ ሌላው የሚያለቅስበት ነው።

ሚዛኑ ያለው ክሊኒክ ስለሆነ ዳኝነቱ ለእኔ ተሰጠ። እኔም አንድ ነገር አስገባሁ፤ ውድድሩ በኪሎ ሳይሆን በመቶኛ ይሁን አልኩ። 110 ኪሎ የሚመዝነውና 70 ኪሎ የሚመዝነው እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ቢቀንሱ እኩል ለፉ አይባልም። ሚዛን ሰኞ ሰኞ ጠዋት ነው፤ ቁርስ ሳይበላ፣ ጫማ ወልቆ፣ ኪስ ተራግፎ። በመጀመሪያው የሚዛን ቀን ኪሱ ውስጥ ትልቅ ጓጉንቸር ይዞ የመጣ ሰው እንደነበር ሳልጠቅስ አላልፍም።

ከሁሉም በላይ በቁም ነገር የያዘው የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ነበር። ወዲያው ኤክሴል ሠርቶ መጣ። የሚበላው በሙሉ ከነካሎሪው ይመዘገባል። የቀን ጣሪያው 1,500 ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ችግሩ ከጣሪያው ሥር ያለው ነገር ነው። ጠዋት ቦምቦሊኖ በማኪያቶ። ምሳ ሳንቡሳ በለስላሳ። ማታ ብስኩት። ካሎሪው ፓኬቱ ላይ የተጻፈ ምግብ ይወዳል፤ ለመደመር ይመቸዋል። የቤት ወጥ ግን አይተማመንበትም፤ ዘይቱን ማን ለክቶት?

“ካሎሪ ካሎሪ ነው ሲስተር” ይለኛል። “100 ብር በባለ አስር ኖት ያዝሽው፣ በባለ መቶ ያዝሽው፣ ያው 100 ብር ነው።”

ማስረጃም አላጣም። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ መምህር የሆነው ማርክ ሃውብ ለ10 ሳምንት ያህል በአብዛኛው ክሬም ያለበት ኬክ፣ ብስኩትና ቺፕስ እየበላ፣ ግን በቀን 1,800 ካሎሪ አካባቢ ላይ ቆሞ፣ 12 ኪሎ ያህል ቀንሷል። ይኼ እውነት ነው፤ አልተከራከርኩትም። ከሚወጣው ያነሰ ከገባ ክብደት ይወርዳል። ከቦምቦሊኖ ይምጣ ከሽሮ ሚዛን አይጠይቅም። ልጁ ታሪኩን ሲያወራ ሁልጊዜ የሚዘላት ነገር ግን አለች። ሰውዬው በየቀኑ ቫይታሚን ይወስድ፣ ፕሮቲን ሼክ ይጠጣ፣ ትንሽ አትክልትም ይበላ ነበር።

በመጀመሪያው ሰኞ ልጁ 3 ኪሎ ቀንሶ መጣ። ክሊኒኩ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ አላጨበጨብኩም። ጡንቻና ጉበት ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለ፤ በአዋቂ ሰው 500 ግራም ገደማ ይሆናል። አንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምግብ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚራገፈው እሱ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ግን 7,700 ካሎሪ ያህል ይዟል። በሳምንት 3 ኪሎ ስብ ለማራገፍ በቀን ከ3,000 ካሎሪ በላይ ማጉደል ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደረሰኝ የሚያመሳክር ሰው ደግሞ ያን ያህል መጀመሪያውኑ አያወጣም። ይህንን ስነግረው “ሲስተር ቀናሽ” አለኝ።

በሌላ በኩል የፎርክሊፍት ሹፌሩ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ኤክሴል አያውቁም፣ ካሎሪ የሚባለውንም ከልጁ አፍ ነው የሰሙት። ምክር ሲጠይቁኝ የሚጠጡትን ሻይ ቆጠርን። በቀን አራት ብርጭቆ፣ በየብርጭቆው አራት ማንኪያ ስኳር። አንድ የሻይ ማንኪያ 16 ካሎሪ ያህል ስለሆነ ከ250 በላይ ይመጣል፣ ያውም ሆድ ሳይሞላ። እሱን ተዉ። ቤት ደግሞ ወጡ ላይ የሚንቆረቆረው ዘይት በማንኪያ እንዲለካ ለባለቤታቸው ነገሩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ምሳ ዕቃቸው ሲከፈት ያው እንጀራ፣ ያው ክክ፣ ያው ጎመን ነው፤ በፍስክ ቀን እንቁላል ይጨመርበታል። በየሰኞው ግማሽ ኪሎ ቢቀንሱ ነው። ማንም አያጨበጭብላቸውም።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት። እሷ ዘንድ ካሎሪ መቁጠር ኋላ ቀርነት ነው። “እንጀራ ነው የሚያወፍረው” ብላ እንጀራና ዳቦ እርግፍ አድርጋ ተወች። የጠረጴዛዋ መሳቢያ ግን በኦቾሎኒ የተሞላ ነው። ማር፣ አቮካዶ፣ ኦቾሎኒ “ጤናማ እኮ ነው” እያለች ትበላለች። ጤናማነቱን ማን ካደ? 100 ግራም ኦቾሎኒ 570 ካሎሪ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ የእጅ ሰዓቷ “ዛሬ 600 አቃጥለሻል” ሲላት ማታ ለራሷ ሽልማት ትሰጣለች። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት ዓይነት የእጅ ሰዓትና አምባር ፈትሸው ነበር። የልብ ምቱን አብዛኞቹ ደህና ለክተዋል። በካሎሪው ግን የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል። ሚዛኗ አልነቃነቅ ሲላት በሚዛኑ አሳበበች። በነገራችን ላይ እዚያው ስታንፎርድ 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹ ቅባት ግማሹ ካርቦሃይድሬት (እንጀራና ዳቦ ውስጥ የሚበዛው ነው) እንዲቀንስ አድርገው ለአንድ ዓመት ተከታትለዋል። ውጤቱ በ2018 ወጣ። አንዱ ቡድን በአማካይ 5.3፣ ሌላው 6 ኪሎ ቀነሰ፤ ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለውም። እንጀራን የሚወነጅል ሰው ሲመጣብኝ ይህንን እነግረዋለሁ።

ወሩ ሲጋመስ ሒሳብ ክፍል አካባቢ ሰላም ጠፋ። ልጁ መቀነሱን ቀጥሏል፤ ፀባዩ ግን ተበላሽቷል። ገንዘብ ያዥዋን በአንድ ደረሰኝ አስለቀሳት። ሌሊት ረሃብ እንደሚቀሰቅሰው ነገረኝ። የቅዳሜው ጨዋታ የመጣው በዚህ መሀል ነው፤ ሒሳብና አስተዳደር ከምርት ክፍል። እሱ አጥቂ ነው። ለሰኞ ሚዛን እንዲያግዘው ብሎ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ከቡናና ከሁለት ብስኩት በቀር አልቀመሰም። ይህንን በኋላ ነው የሰማሁት።

ከእረፍት በኋላ ኳስ ይዞ ሲሮጥ መሀል ላይ ቆመ። ኳሱን ትቶት ተቀመጠ። ሰው መስሎት የተመታ ነው፣ “ፋውል!” ብሎ ጮኸ። ቦርሳዬን ይዤ ስደርስ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ላቡ ቀዝቃዛ ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስሙን ስጠይቀው መለሰልኝ፣ ግን ቃላቱ ይጎተታሉ። ጣቱን ወግቼ ስኳሩን ለካሁ። 58። ከ70 በታች ከወረደ ዝቅተኛ ነው።

“ለስላሳ አምጡ!” አልኩ። አንዱ የምርት ክፍል ልጅ ከሱቁ እየሮጠ አመጣ። ግማሽ ጠርሙስ አጠጣሁት፤ 15 ግራም ያህል ስኳር ነው። 15 ደቂቃ ጠብቄ ድጋሚ ለካሁት፤ 84 ሆኗል። ፊቱ ተመለሰ፣ ቀና ብሎም ውጤቱን ጠየቀ። ሁለት ለዜሮ እየተመሩ ነበር። ከዚያ ዳቦ በእንቁላል አስበላሁት። ሰኞ ደግሞ ለማንኛውም ብዬ ሐኪም ጋ ላክሁት፤ ስኳር በሽታም ሌላም አልተገኘበትም።

ሰኞ ከሰዓት ኤክሴሉን ይዞ ክሊኒክ መጣ። ፊቱ ላይ ቅሬታ አለ። “ሲስተር፣ ካሎሪው ልክ ነበር እኮ” አለኝ።

ልክ ነበር። እኔም የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ክብደቴ ይወርዳል ወይ ብለህ ብትጠይቀው ይመልስልሃል። ምኔ ነው የሚቀንሰው፣ ይርበኛል ወይ፣ መሮጥ እችላለሁ ወይ ብትለው ግን ዝም ነው። ልጁ ሆዱ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ካሎሪ ተሸክሞ ነው በጉልበት እጦት ሜዳ ላይ የተቀመጠው። ስብ ጉልበት አለው፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ኦክስጅንም ይፈጃል። ሰው ቀስ ብሎ ሲራመድ ስቡ ይበቃዋል። ሽቅብ ሲሮጥ፣ ኳስ ሲያሳድድ ጡንቻው ስኳር ይፈልጋል፤ የግላይኮጅን ጎተራው ደግሞ በሦስት ሳምንት ቁጠባ ተሟጧል። ቅዳሜ ያነሳው ግማሽ ጠርሙስና ቢሮ ቁጭ ብሎ ሲጠጣው የከረመው ያው ለስላሳ ነው፣ ካሎሪውም ያው ነው። ልዩነቱ የተጠጣበት ሰዓትና የጠጪው ሁኔታ ነው።

የእኛዎቹ ሯጮች ይህን ያውቁታል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የኢትዮጵያን ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮች አመጋገብ ለአንድ ሳምንት እየመዘነ ተከታትሎ ነበር። ከሚያገኙት ጉልበት 64 በመቶ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት የመጣ ሆኖ ተገኘ። (ይህንን ለሰው ኃይል ኃላፊዋ ስነግራት “እኔ ኦሎምፒክ አልሄድ” አለችኝ። እውነቷን ነው።)

ቀጥሎ ፕሮቲኑን ደመርን። ኤክሴሉ ላይ ፕሮቲን የሚል ዓምድ የለም። በቀን 30 ግራም አይሞላም። 85 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ዝቅተኛው ምክር በኪሎ 0.8 ግራም ነው፣ ማለትም 68። እየከሳ ኳስ ለሚጫወት ደግሞ ከ100 በላይ ቢሆን ይመረጣል። ካልሆነ ከስቡ ጋር ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል፤ ሚዛኑ ሁለቱንም እኩል ያጨበጭብላቸዋል። ሌላም ነገር አለ። 100 ካሎሪ ፕሮቲን ብትበላ ከ20 እስከ 30 የሚሆነው እዚያው ለመፍጨትና ለማዋሃድ ይወጣል። ለካርቦሃይድሬት ከ5 እስከ 10 ነው፤ ለስብ ከ3 አያልፍም።

ይህን ሲሰማ ሳቀ። “ምንዛሪ ላይ ኮሚሽን አለው በይኛ!”

የረሃቡን ነገር ግን በቁጥር ካላሳየሽኝ አላምንም አለ። ኬቨን ሆል የሚባል ተመራማሪ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ያደረገውን፣ በ2019 የወጣውን ሙከራ ነገርኩት። 20 ሰዎችን አንድ ወር እዚያው አሳድረው፣ ሁለት ሳምንት የፋብሪካ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት በቀላሉ የተሠራ ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ቅባትና አሰር ተመጣጣኝ ነበር። እስክትጠግቡ ብሉ ተባሉ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ በሉ፣ ወደ 1 ኪሎም ጨመሩ። በሌላው ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ማንም አላስገደዳቸውም። ልጁ ትንሽ አሰበና “እኔ ግን ቆጥሬ አቆማለሁ” አለ። ታቆማለህ፣ ግን ሌሊት ተነስተህ ጣሪያ ታያለህ፣ ቀን ደግሞ ገንዘብ ያዥ ታስለቅሳለህ አልኩት።

ጣሪያውን ወደ 1,900 ከፍ አደረገ። ጠዋት እንቁላል፣ ምሳ ከጋሼ ጎን ተቀምጦ ምስር ወይ ሽሮ፣ ከጨዋታ በፊት ሙዝ ወይ በሶ። ለስላሳውን ለሜዳ ብቻ አስቀረው። መቀነሱ ዘገየ፣ ፀባዩ ተመለሰ።

ሁለት ወሩ ሲሞላ አንደኛ የወጣው ማንም ያልጠበቀው ሰው ነው። የመጋዘን ሠራተኛው መጨረሻው ላይ ታይፎይድ አሞት ሁለት ሳምንት ተኝቶ ነበር። ሲመለስ ሸሚዙ ውስጥ ይዋኛል። ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ ከክብደቱ 8 በመቶ ቀንሷል። ልጁ 7፣ ጋሼ 5። ሰው ተንጫጫ፤ “በሽታ ይቆጠራል እንዴ?” ተባለ፣ ስብሰባ ተጠራ። ደንቡን የጻፈው የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ነበርና አውጥቶ አነበበው። በሽታ አይቆጠርም የሚል የለበትም። እሱው ራሱ ብሩን ቆጥሮ አስረከበ። የመጋዘኑ ሰው “ለመድኃኒት ካወጣሁት አይበልጥም” እያለ ኪሱ ከተተው።

ለሁለተኛው ዙር ደንቡ ተሻሽሏል። ወገብ በሜትር ይለካል፣ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ መውጣት በሰዓት ይያዛል፣ የሐኪም ፈቃድ ያለው ከውድድር ውጭ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ናት፤ የኦቾሎኒውን መሳቢያ ቁልፍ ለጸሐፊዋ ሰጥታለች። ጋሼ ግን አልመዘገብም ብለዋል። ሻዩን ያለ ስኳር ለለመዱት 1,000 ብር ማስያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባቸውም።