ፊልትሮ ብቻ ነው

ሊሸጥ የመጣ መኪና ችግሩ ሁልጊዜ ፊልትሮ ብቻ ነው። ጉልበት አነሰው? ፊልትሮ ነው። ያጨሳል? ፊልትሮ ነው። ዳገት ላይ ይቆማል? ያው ፊልትሮ። ታዲያ ፊልትሮ ብቻ ከሆነ ቀይሮ የማይነዳው ለምንድነው ብሎ የሚጠይቅ ገዢ እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ግን እጠይቃለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ናፍጣ ሞተር እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው ያደግሁት፤ ደላላ አይወደኝም።

ዛሬ የማወራው ስለ ደላላ አይደለም። ስለ አንድ ኤን ፒ አር፣ ስለ አንድ የጭነት አይሱዙ ነው። በሳምንት ሁለቴ በጋራዤ በር ያልፋል። ባለፈ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐጂ ጎረቤቴ ናቸው፤ እህል ነጋዴ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መኪና እየተከራዩ ነው ማሽላ ያመላለሱት። «በከፈልኩት ኪራይ ሦስት መኪና በገዛሁ» ይላሉ። አንድ ጠዋት ገና በሩን ሳልከፍት መጡና «ልጄ፣ መኪና አግኝቻለሁ። አንተ ግዛ ካልከኝ እገዛለሁ፤ ተው ካልከኝ እተዋለሁ» አሉኝ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ኃላፊነት የሚወድቀው አምስት መቶ ብር በሚከፈለው መካኒክ ላይ ነው። ደላላው ከመቶ ሁለት ይወስዳል፤ እሱ ግን ምንም አይጠየቅም።

መኪናው ከአፍዴራ ጨው ሲያመላልስ የኖረ ኤን ፒ አር ነበር። ፎር ኤች ጂ ዋን ሞተር፣ ባለ ቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋለት)፣ 4,570 ሲሲ። ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው። ይህን ሞተር ዓይኔን ጨፍኜ እፈታዋለሁ እል ነበር። አሁን እንደዚያ አልልም።

ስደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ላይ እጄን ማስቀመጥ ነው። አቃጠለኝ።

«ከየት ነው የመጣው?» አልኩ።

«ከየትም። እዚሁ ግቢ ነው ያደረው» አለ ደላላው።

«ግቢው ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

ሐጂ ሳቁ። ደላላው አልሳቀም። ለሽያጭ የቀረበ የናፍጣ መኪና ሞቆ ከጠበቀህ አንድ የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው። ኮምፕሬሽኑ የደከመ ሞተር ጠዋት በብርዱ ነው የሚያጋልጥህ፤ ማስነሻ ሞቶሪኖው እስኪደክም ይዞራል፣ ሲነሳም ነጭ ጭስ ይለቃል። ከሞቀ ግን እንደ አዲስ ነው የሚነሳው። «ይጥፋና ይቆይ» አልኩ። ሻይ ጠጣን። ሐጂ ዙሁር ሰግደው መጡ። ስንመለስ ቀዝቅዟል።

አስነሳሁት። በግማሽ ዙር ተነሳ! ትንሽ ነጭ ጭስ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ይህን እዚህ ላይ ያዙልኝ። ፋሻው፣ ማለትም ግፊቱ በፒስተኑ ዳር እንዳይሾልክ የሚይዘው ቀለበት ያለቀ ሞተር እንዲህ አይነሳም። ያኔም ይህን አውቅ ነበር፤ በኋላ ግን ራሴው ረሳሁት።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። የሻጩ መካኒክ ናቸው። ቱታቸው ድሮ ሰማያዊ ነበር። አፋቸው ውስጥ መፋቂያ አለ። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እጄን ብቻ ነው የሚያዩት። እጅህን የሚያይ መካኒክ ደግሞ ከደላላ ይከፋል።

የአየር ፊልትሮውን ቤት ከፈትኩት። ባዶ! ቆሻሻ ፊልትሮ አልነበረም ያገኘሁት፤ ፊልትሮ የሚባል ነገር ራሱ የለም። የታፈነውን ፊልትሮ አውጥተው ጥለው «አየር እንደልቡ ይሳብ» ብለው ዘግተውታል። የአፋር አቧራ በቀጥታ ወደ ቱርቦ፣ ከቱርቦ ወደ ሲሊንደር። ጮህኩ። እውነቴን ነው፤ ሰው እስኪሰበሰብ ነው የጮህኩት። «ይሄ እኮ ሞተሩን በአሸዋ መሞረድ ነው!» እያልኩ ባዶውን ቤት ለሐጂ፣ ለደላላው፣ ላላፊ አግዳሚው አሳየሁ። ደላላው «አልኩህ አይደል፤ ፊልትሮ ብቻ ነው» አለኝ። ይህች መልስ አሁንም ትገርመኛለች።

ከዚያ ናፍጣውን ለሞተሩ ለክቶ ወደሚሰጠው ፖምፓ ሄድኩ። የማስተካከያው ብሎን ማኅተም ሽቦ ተበጥሷል። ማለትም አንድ ሰው ጉልበት ሲያጣ ጊዜ ናፍጣውን ከፍ አድርጎለታል። ናፍጣ መጨመር ግን ጉልበት አይሰጥም፤ የሚያቃጥለው አየር ከሌለ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል እንጂ።

ባዶ መኪና ሜዳ ላይ ነድቶ መግዛት ማየት አይባልም። ባዶውን ማንም ይስባል። «ተጭኖ ሐረጎን ይውጣ» አልኩ። ሻጩ አንገራገረ፤ የሚጫን ነገር ከየት ይመጣል አለ። ይህኔ ሐጂ ጣልቃ ገቡ። «እኔ ጋ ሠላሳ ኩንታል ማሽላ አለ፤ እሱን ለሙከራ እናድርገው» አሉ። ማሽላው ደሴ መድረስ የነበረበት ማሽላ ነው። መኪና ሊገዙ መጥተው እህላቸውን በነፃ አስጫኑ። እኔ እንኳ የገባኝ ደሴ መጋዘን በር ላይ ስናራግፍ ነው።

ሐረጎን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ፣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ። የኛ መመርመሪያ ማሽን እሱ ነው። እኔ ነዳሁ፣ ሐጂ መሐል፣ ደላላው ዳር። ሽማግሌው ጭነቱ ላይ ወጡ። ገና መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ። ከዚያ ወደ አንደኛ። የሞተሩ ዙር ሁለት ሺህ ላይ ይደርስና እምቢ ይላል። በመስታወት ሳይ ከኋላችን መንገዱ ጨልሟል። ሁለት ሰው የጫነ ባጃጅ ቀደመን።

«ከፍታ ነው» አለ ደላላው። «አየሩ ይሳሳል።»

ይህችን አላለፍኳትም። ቱርቦ የሌለው ሞተር እንኳ በየ300 ሜትሩ የሚያጣው ከመቶ ሦስት ገደማ ነው። ሐረጎን ሙሉውን ቢወጣ ከመቶ ስድስት፣ ሰባት። ይሄ ግን ግማሹን ነው ያጣው፤ ያውም ባለ ቱርቦ ሆኖ፣ ያውም ገና ታች ሳለን። ደላላው ወደ መስኮቱ ዞረ።

ዳር ይዤ አቆምኩ። እዚህ ጋ በሥራዬ ልመካ፤ በደንብ ነው የሄድኩበት። ፍሪሲዮን ይንሸራተት ይሆን? አይደለም፤ ቢንሸራተት ዙሩ ይጨምር ነበር። ፍሬን ይዞት ይሆን? የጎማዎቹን ቸርኬ ዳሰስኩ፤ ቀዝቃዛ። ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ይሄዳል? ምንጣፍ የሚያግደው አለና ደላላውን አስረግጬ ፖምፓው ላይ ያለውን ክንድ አየሁ፤ ይደርሳል። ከጀሪካን በቀጥታ ናፍጣ ሰጠሁት፤ ለውጥ የለም። ስለዚህ ችግሩ ከታንከር እስከ ፊልትሮ ያለው መስመር አይደለም። የቱርቦው ጎማ ማሰሪያ ላልቶ ነበር፤ አጠበቅሁ፤ ያው ነው። ጋቢና ገብቼ የኤግዞስት ብሬኩን ማብሪያ ነካሁ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ በራ። መለስኩት፤ ጠፋ። ይሠራል አልኩና አለፍኩ።

መብራቱ ነው የሠራው። ይህንንም ያዙልኝ።

በመጨረሻ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቼ ገልብጬ አፉ ላይ አስቀመጥኩት። ጤነኛ ሞተር ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ግን ጨፈረ። ጨፍሮ ጨፍሮ ወደቀ። ሐጂ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። እኔም የምፈልገውን አገኘሁ። ባዶ የፊልትሮ ቤት፣ አቧራ፣ የሚጨፍር ክዳን፤ ታሪኩ ሞላ። ለተሰበሰበው ሰው ጭምር እንዲሰማ አድርጌ ፈረድኩ፤ «ፋሻው አልቋል፣ ሞተር ይወርዳል። ሐጂ፣ አንቱ ይህን አይገዙም።»

ያን ጊዜ ነው ሽማግሌው ከጭነቱ የወረዱት። ቀስ ብለው መጡ። መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ።

«የጭሱን መውጫ አይተኸዋል?» አሉኝ።

በቃ ይህችን ብቻ። ድምፃቸው ውስጥ ፌዝ የለም፣ ክርክር የለም። እኔ ጆሮ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ሆና ገባች። ሃያ ሰው ከቦናል። ሐጂ ያዩኛል። ደላላው ያየኛል። አላየሁትም ብል፣ ጎንበስ ብዬ መኪናው ሥር ልገባ ነው፤ ከፈረድኩ በኋላ!

«አይቼዋለሁ ጋሼ» አልኩ።

የመፋቂያውን ጫፍ አገላብጠው አዩት። እኔን አላዩም። ከዚያ ወደ አፋቸው መለሱትና «እንግዲያማ ጨርሰሃል» አሉ። ተመልሰው ጭነቱ ላይ ወጡ።

አንዳንድ ሌሊት ይህ «እንግዲያማ» ይመጣብኛል።

ሐጂ ሳይገዙ ቀሩ። አምስት መቶውን ሰባት መቶ አድርገው ሰጡኝ፤ ለሰው ሁሉ አወሩልኝ። ሥራዬ ጨመረ። ከወር በኋላ አንድ በያጅ ጓደኛዬ ጋራዤ መጥቶ እየሳቀ አወራኝ። ያ የጨው መኪና ተሽጧል። ገዢው ማን መሰላችሁ? ሽማግሌው። ከወንድማቸው ልጅ ጋር ተጋርተው፣ «ኤክስፐርቱ እንኳ ሞተር ይወርዳል ብሎታል» ብለው፣ ከዋጋው መቶ ሺህ ብር አስወርደው። ኤክስፐርቱ እኔ ነኝ።

ችግሩ የኤግዞስት ብሬኩ ነበር። ቁልቁለት ላይ የጭሱን መንገድ የምትዘጋ አንዲት ክብ ቆርቆሮ አለች አይደል? ከአንድ ዘንግ ጋር የምትዞር። ጨውና ጥላሸት ዘንጉን በልተውት፣ ባቲ ቁልቁለት ላይ ይሁን የት አንድ ጊዜ ተዘግታ ስትመለስ ግማሽ ላይ ደርቃ ቀርታለች። ጭሱ መውጫ ያጣል። ቱርቦው አይዞርም። ንጹሕ አየር አይገባም። የታፈነው ግፊት ደግሞ በቱርቦውም በቫልቩም እየሾለከ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል፤ ክዳን ያስጨፍራል። መብራቱ ግን ማብሪያው በተነካ ቁጥር ይበራል፤ እሱ ስለ ቆርቆሮዋ ምን ያውቃል። ጓደኛዬ በብየዳ ሙቀት አላቆ፣ በመዶሻ ሁለቴ መትቶ ከፈታት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሽማግሌው ፖምፓውን መለሱት፣ የአየር ፊልትሮ ገዙለት፣ ጋቢናውን ሰማያዊ አስቀቡት።

ራሴን ልከላከል። አቧራ የበላው ሞተር ነው፤ ዘይት እንደሚጨምሩበት ከረዳታቸው ሰምቻለሁ። ስለ ፋሻው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትኩም። አንድ ቀን ይወርዳል። እስካሁን አልወረደም እንጂ።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው አስቀድመው ያውቁ ነበር? ካወቁ ለምን ጠየቁኝ? አላየሁትም ብዬ እንድፈትሽ ዕድል ሰጡኝ፣ ወይስ እንደማልፈትሽ ሊያረጋግጡ ነው? አታለሉኝ እንዳልል ጠይቀውኛል። መከሩኝ እንዳልል መኪናውን ገዝተውታል። አንቱ እላቸዋለሁ፤ ቢከፋኝም።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ጠሩኝ። መጋዘናቸው በር ላይ ሰማያዊ ኤን ፒ አር ቆሟል፤ ማሽላ እየተጫነበት። ሐጂ ታርጋ የሚያይ ሰው አይደሉም።

«አየኸው ይህን?» አሉ የመኪናውን ጎን በመዳፋቸው እየመቱ። «ሐረጎን በሦስተኛ ነው የሚወጣው። አሁን ኪራዩን ለእነሱ አድርጌዋለሁ። እንዲህ ያለ ነበር እኮ የምፈልገው! ያኔ ግን ያን ቆርቆሮ አምጥተው ሊጭኑብኝ። አንተ ባትኖር ጉድ ሆኜ ነበር፣ ወላሂ።»

ቀና ስል ሽማግሌው ጋቢና ውስጥ ናቸው። መፋቂያው አፋቸው ውስጥ። ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ምን ቢያደርጉለት ነው እንዲህ የሚስበው?» አሏቸው ሐጂ።

ሽማግሌው መፋቂያውን ወደ ሌላው ጉንጫቸው አዞሩት።

«ፊልትሮ ብቻ ነው» አሉ።