ይሄ የኛው እንዶድ

ዛሬ አያቴ ነጠላቸውን በእንዶድ ሲያጥቡ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። የደረቀውን ፍሬ ወቅጠው ውሃ ውስጥ ሲበጠብጡት አረፋው ከሳፋው ገንፍሎ ወጣ።

የኔ ሐሳብ ግን ዓድዋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት የውሃ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ስንቱ ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል! እሳቸው ግን ቆመው አዩ፤ ለምን ብለው ጠየቁ፤ ገዳዩም እንዶዱ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ሁሌም እኮራለሁ።

ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህን ለአያቴ ስነግራቸው እጃቸውን ከአረፋው አወጡ። አንዲት ፍሬ አንስተው አገላብጠው አዩዋት።

«ይሄ? ይሄ የኛው እንዶድ?»