ካርዱ ላይ «ሚስማር» ይላል

የምሠራው ጤና ጣቢያ ነው፤ ቁስል አጥባለሁ። ክፍሉን ድሬሲንግ እንለዋለን። ቀኑን ሙሉ ፋሻ መፍታት፣ ማጠብ፣ መልሶ ማሰር ነው። እጅ ሥራውን ሲለምደው ዓይን ይሰንፋል። የኔም ሰንፎ ነበር።

ጋሼ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው፤ ስልሳን ተሻግረዋል። ግራ ተረከዛቸው ሥር የሃምሳ ሳንቲም የምታክል ቁስል ነበረች። «ሚስማር ወጋኝ» አሉ፤ ካርዱ ላይም «ሚስማር» ተብሎ ተጻፈ። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ተወጉ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ እኔ ጋ ናቸው።

ሁለት ወር ሞላ፣ ቁስሉ አልዘጋ አለ። ስኳራቸው ተመረመረ፣ ደህና ነው። እዚህ ጋ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ጫማቸውን ከሰስኩ፤ ቀጥሎ ሌሊቱን ቆመው ማደራቸውን።

አንድ ጠዋት ለልምምድ የመጣ ተማሪ አጠገቤ ቆሞ ያያል።

«ሲስተር፣ ሚስማር ዙሪያውን እንዲህ ያጠቁራል እንዴ?»

«አዮዲን ነው» አልኩት፣ ቀና እንኳ ሳልል።

ልጁ መልስ አልሰጠኝም። ጎዝ በሳላይን፣ በጨው ውኃ፣ አርሶ ጠረገው። አልለቀቀም። ደግሞ ጠረገው። ያው ነው።

ያኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥቁረቱ ቁስሉን አልፎ ሄዷል። አንዱ ጎኑ ከሰል፣ ሌላው ቡናማ፤ ዳሩ እርጥብ ወረቀት ላይ እንደፈሰሰ ቀለም የተዝረከረከ።

«ጋሼ፣ ሚስማሩን አይተውታል?»

«ኧረ አላየሁትም ልጄ! ካልሲዬ ላይ ደም ሳይ ሚስማር ነው ብዬ ነው እንጂ። እዚያው ቦታ ድሮ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነበረች። ማርያም የሳመችኝ ነው የምላት። ዘንድሮ ሰፋችብኝ።»

ሁለት ወር ሙሉ ያከምኩት ካርዱን ነው።

የቆዳ ካንሰር የፈረንጅና የፀሐይ በሽታ ይመስለናል። ሜላኖማ የሚባለው ዓይነት እውነትም በጥቁር ሰው ላይ ብዙ አይታይም። ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ፀሐይ የማያያቸውን ቦታዎች ይመርጣል፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ የጥፍር ሥር። ገርጂ ሐውልቱ የቆመለት ቦብ ማርሌ የሞተው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ተገኘበት፤ መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎት ነበር ይባላል። በ1981 ሲሞት ገና 36 ዓመቱ ነው። እሱም የራሱ «ሚስማር» ነበረው ማለት ነው።

አሁን የማየው ይኼን ነው፦ ነጥቡ እየተለወጠ ነው ወይ? ግማሹ ከግማሹ ይለያል? ቀለሙ ተደባልቋል? ከ6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከእርሳስ ቂጥ ይሰፋል? ይደማል? በጥፍር በኩል ግን ቶሎ አትደንግጡ። ብዙ ጥፍሮች ላይ ያሉ ጥቁር መስመሮች በኛ ቆዳ የተለመዱ ናቸው። የሚያሳስበው አንድ ጥፍር ላይ አዲስ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄደው ነው፤ በተለይ ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ሥር ቆዳ ከተሻገረ። በምት የጠቆረ ጥፍር ቀስ በቀስ ከጥፍሩ ጋር አድጎ ይወጣል፤ ካንሰሩ ግን እዚያው ነው።

ጋሼን በዚያው ቀን ሪፈር ጻፍንላቸው። ናሙና ተወሰደ። የውጤቱን ቀን መጠበቅ ከሁለቱ ወር ይልቅ ረዘመብኝ። ሜላኖማ ነበር። ተረከዛቸው ላይ ያለው ተቆርጦ ወጣና ቦታው ከጭናቸው በተወሰደ ቆዳ ተሸፈነ። ብሽሽታቸው ላይ ያለው ዕጢ ሲመረመር ከካንሰር ነፃ ሆኖ ተገኘ። አሁን በክትትል ላይ ናቸው።

ባለፈው በክራንች እየተራመዱ መጡ፣ ባለቤታቸውን አስከትለው። «በይ የሷንም እግር እይልኝ» አሉ። እሜቴ አፈሩ፤ ጫማቸውን እስኪያወልቁ ብዙ ለመንኳቸው። አገላብጬ፣ በየጣቶቹ መሃል ሁሉ አየሁ። ንቃቃት ብቻ ነው፤ ቫዝሊን ይቀቡበት አልኩ።

ጋሼ አላመኑኝም።

«ያ ተማሪ ልጅ የለም ዛሬ?» አሉ።