«ድመቷ ጠበቃ አቆመች ወይ?»

ድሬዳዋ በርጫ ላይ ተቀምጠህ «አሜሪካ ውስጥ የአንድ የኛ ሰው ልጅ ድመት መትቶ ፍርድ ቤት ቆመ» ብትል ማንም አያምንህም። እኔ አወራሁት። ከዚራ፣ የአክስቴ በረንዳ ላይ፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ሰዓት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «አቦ ተወና! ድመቷ ጠበቃ አቆመች ወይ?» አለኝ።

አልፈርድባቸውም። እኛ እዚህ ልጆች ሆነን ወንጭፍ አንገታችን ላይ አንጠልጥለን ደቻቱ አሸዋ ውስጥ ርግብ ስናሳድድ የሚቆጣን መስኮቱ የተሰበረበት ሰው ብቻ ነበር። ጋሪ የሚነዳ ልጅ አህያውን በዱላ ሲዠልጠው ያየ ሁሉ አልፎ ይሄዳል። ዛሬም ያው ነው።

ነገሩ የሆነው ቨርጂኒያ ነው። እናትየው የድሬ ልጅ ናት፣ ሁለት ሥራ ትሠራለች፣ ልጇን የምታየው ሲተኛ ነው ማለት ይቻላል። ልጁ 15 ዓመቱ። ከጓደኛው ጋር ሆኖ በአየር ጠመንጃ የጎረቤት ድመት ላይ ተኮሰ። ጓደኛው በስልክ ቀረጸ፣ ሲስቁም ይሰማል፣ ከዚያ ስናፕቻት ላይ ለቀቁት። የድመቷ አንድ ዓይን ጠፋ። ቪዲዮው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ባለቤቲቱ ጋ ደረሰ።

«ወንድሜ ናልኝ፣ ቤቴ ፖሊስ ቆሟል» ብላ እናትየው ደወለችልኝ። ስደርስ የቆመው የአኒማል ኮንትሮል፣ ማለትም የእንስሳት ጉዳይ ተቆጣጣሪ ሰው ነው፣ እሷ ግን ዩኒፎርሙን አይታ ከፖሊስ አልለየችውም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ሌላ ድመት እገዛላችኋለሁ፣ ከዚህች የምታምር» እያለች ትለምነዋለች። የሰውዬው ፊት እንዴት እንደተቀየረ አይረሳኝም። እሷ እንደ ሀገሯ ወግ ካሣ ከፍላ መታረቋ ነው፣ እሱ ደግሞ ይቺ ሴት ጉዳዩ ጭራሽ አልገባትም ብሎ ይጽፋል። ይባስ ብሎ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ አንድም ሳያስቀር ዘርዝሮለታል። ጠበቃ እስኪመጣ ዝም የማለት መብት እንዳለው የነገረው ሰው አልነበረም። አበሻ ወላጅ ልጁን «ለፖሊስ እውነቱን ተናገር» ብሎ ነው የሚያሳድገው። እኔ በበኩሌ «መጀመሪያ ጠበቃ፣ ከዚያ እውነት» ብሎ ማስተማር ይሻላል ባይ ነኝ።

ቨርጂኒያ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። በፈረንጆቹ 2019 ሪችመንድ ከተማ ቶሚ የሚባል ውሻ አስረው በእሳት አቃጠሉትና ከቀናት በኋላ ሞተ። ያኔ በነበረው ሕግ ውሻ ወይም ድመት ማሰቃየት ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል፣ የሚሆነው እንስሳው ከሞተ ነበር። ሕዝቡ ተንጫጫ፣ ሕጉም በዚያው ዓመት ከጁላይ 1 ጀምሮ ተቀየረ፤ አሁን ከባድ ጉዳት ማድረስ ብቻውን ይበቃል። ለአዋቂ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ሊያሳስር ይችላል፣ ቀለል ሲል ደግሞ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት። የጠፋች ዓይን ቀላል ጉዳት ናት ብሎ የሚከራከር ጠበቃ መቼም አታገኝም።

ልጁ 15 ስለሆነ ጉዳዩ የወጣቶች ፍርድ ቤት ሄደ። እዚያ ዋናው ነገር ልጁን ማረም ነው፣ ውሳኔውም እንደ አዋቂ የወንጀል ፍርድ አይቆጠርም። ፕሮቤሽን ገባ፣ ሳይታሰር በፍርድ ቤት ክትትል ሥር ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የማኅበረሰብ አገልግሎት። እንስሳ ቤት ማስገባት ክልክል። የድመቷን የሕክምና ወጪ መክፈል፣ እናትየው ሒሳቡን አይታ «እኔ ስወልድ እንኳን ይህን ያህል አልተጠየቅኩም» አለች። ከሁሉም በላይ የከበዳት ግን የሥነ ልቦና ምክሩ ነው። ባለሙያዋ የጠየቀችው ስለ ድመቷ ብቻ አልነበረም። ቤት ውስጥ ማን ማንን ይመታል? ልጁ ትንሽ እያለ ምን አየ? አባቱ የት ነው? እናትየው በአስተርጓሚ በኩል ስትሰማ ላብ በላብ ሆነች፤ ምክንያቱም መልስ ነበራት። እሱን እዚህ አልጽፈውም። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ከፈረንጆቹ 2016 ጀምሮ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ራሱን የቻለ የወንጀል ዓይነት አድርጎ መረጃ ይሰበስባል፣ እንስሳ የሚሰቃይበት ቤት ሰውም ሊሰቃይበት ይችላል ብለው ነው። እኔ ይሄን ስሰማ መሳቄን አቆምኩ።

በረንዳው ላይ ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ድሮ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ይጽፉ የነበሩ የሰፈራችን ጋሼ። «በኛም ልጅ ልጅ ነው» አሉ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው አይከሰስም፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው ከአዋቂ ጋር አይታሰርም፣ ተግሳጽና የተለየ ክትትል አለው፣ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያለው ደግሞ በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፣ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል እንጂ። ቁጥሩን በቃላቸው ነው የሚያውቁት፣ ጫታቸውን እየቀነጠሱ።

ከዚያ ጠጋ ብለው ዋናውን ጠየቁኝ። የልጅ ልጃቸው 17 ዓመቱ ነው፣ አሜሪካ አባቱ ጋ ሊሄድ ፕሮሰሱ አልቋል። «18 ሲሞላውስ?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። ከ18 በታች በወጣቶች ፍርድ ቤት ያለቀ ጉዳይ ለኢሚግሬሽን እንደ ጥፋተኝነት አይቆጠርም። 18 ከሞላው በኋላ ግን በአዋቂ ፍርድ ቤት ነው የሚቆመው፣ ግሪን ካርድ ይዞ በገባ በአምስት ዓመት ውስጥ በፈጸመው፣ የሞራል ውድቀት (ነውረኛነት) ያለበት ነው በሚባል፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያሳስር በሚችል ወንጀል ጥፋተኛ ከተባለ እስከ መባረር ያደርሳል። ስለዚህ የወንጀል ጠበቃው «ጥፋተኛ ነኝ በልና ይለቅህ» ቢለው እንኳን፣ ከመስማማቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ።

«ጻፍልኝ» አሉኝ ጋሼ። የሲጋራ ፓኮ ላይ ጻፍኩላቸው።