«እያየሁ ልንገርህ?»

ዛሬ ከአንድ የ7 ዓመት ታካሚዬ ጋር ስንጫወት ነበር። ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኔ የእግሩን አውራ ጣት ይዤ አንቀሳቅሳለሁ፤ እሱ «ወደ ላይ» ወይ «ወደ ታች» ይላል። አራቴ ሞክረን ሦስቱን ሳተ። «እያየሁ ልንገርህ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ችግሩ ግን ይኸው ነው። እግሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ሲያየው ነው።

የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ነው። ቪንክሪስቲን የሚባለው መድኃኒት ካንሰሩን ሲመታ ነርቮችንም ይነካል፤ በተለይ እስከ እግር ጫፍ የሚወርዱትን ረጃጅሞቹን። ከመገጣጠሚያና ከጡንቻ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ይዳከማል።

እናቱ «መብራት ሲጠፋ ይወድቃል። ነጠላ ጫማው ወልቆ ሲቀር እንኳ አይታወቀውም። ዝንጉ ሆነ ብዬ ስቆጣው ነበር» አለችኝና ዝም አለች። እኔም ወሬ ቀየርኩ፤ ምን ልበላት?

ብዙውን ጊዜ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቀስ እያለ ይሻላል። እስከዚያ ልምምድ ነው። ወለሉ ላይ በፕላስተር ሰኞ ማክሰኞ ሠራንለት፤ መዝለል ሳይሆን በእርምጃ። ሐሙስ ላይ ተንገዳገደ፣ ያዝኩት።

«መስመር አልረገጥኩም!» ብሎ ድርቅ አለ።

ረግጧል።