ነጥቦቼ መዞር ጀመሩ፦ 16 ኳም በፓይተን

ባለፈው 16 ኳምን በፓይተን (በኮድ መጻፊያው ቋንቋ) እሞክራለሁ ብዬ ነበር። ሞከርኩ። ሁለት ማታ አበሳዬን አሳየኝ።

ለአዲስ ገቢዎች፦ ኳም (QAM) ዳታን በሞገድ የመላኪያ ዘዴ ነው። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሁለት ሞገድ ይልካል፤ አንዱ ኮሳይን፣ ሌላው ሳይን። በ90 ዲግሪ ስለሚለያዩ አንዱ ጫፍ ሲደርስ ሌላው ዜሮ ላይ ነው። ተቀባዩ የመጣውን ሞገድ በኮሳይን አባዝቶ አማካዩን ሲወስድ የሳይኑ ድርሻ ይጠፋል። በሳይን ሲያባዛ ደግሞ የኮሳይኑ። ወረቀት ላይ በእጄ እስክሠራው ድረስ አላመንኩም ነበር።

ለእያንዳንዱ ሞገድ አራት ከፍታ ሰጠሁት፦ -3፣ -1፣ 1 እና 3። የሁለቱን ከፍታ ጥንድ ስዕል ላይ እንደ አንድ ነጥብ ሳስቀምጠው፣ አራት በአራት፣ 16 ነጥብ ወጣ። አንዱ ነጥብ 4 ቢት (አራት 0 ወይም 1) ይሸከማል። ጎረቤታሞች በአንድ ቢት ብቻ እንዲለያዩ አድርጌ ደለደልኳቸው፤ ግሬይ ኮድ የሚሉት ነው። ተቀባዩ ነጥቡን ከጎረቤቱ ጋር ቢያምታታ የሚበላሸው አንድ ቢት ብቻ ነው። ብልጥ ዘዴ ነች።

ጫጫታ፣ ማለትም ሞገዱን የሚያውክ የዘፈቀደ ረብሻ፣ ስጨምርበት ነጥቦቹ ደመና ሆኑ። ይሄንን ጠብቄው ነበር። ከዚያ የተቀባዩን ፍሪኩዌንሲ በ5 ኸርዝ ብቻ አዛባሁት። 16ቱም ነጥቦች ተያይዘው መዞር ጀመሩ! ስዕሉ ላይ የቀሩት ሦስት ቀለበቶች ብቻ ናቸው። ኮዱ ተበላሽቷል ብዬ አንዱን ማታ በከንቱ አቃጠልኩት። ለካ ነጥቦቹ ከመሃል ያላቸው ርቀት ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፤ 5 ኸርዝ ማለት ደግሞ በሰከንድ አምስት ሙሉ ዙር ነው።

መፍትሔው፦ ተቀባዩ አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ነጥቦች በየመሃሉ መሰግሰግ። ፓይለት ይባላሉ። ምን ያህል እንደዞሩ አይቶ ሌሎቹን ወደ ኋላ ይመልሳል። በሰከንድ 1000 ነጥብ እየላክሁ በየ20ው አንድ ፓይለት አስገባሁ። አሁንም ስህተት! በሁለት ፓይለቶች መካከል 36 ዲግሪ ይዞራል፤ እኔ ደግሞ የማርመው ባለፈው ፓይለት ብቻ ነበር። ስዕሉ መሃል ያሉት አራቱ ነጥቦች እንደምንም ሲተርፉ ዳር ያሉት የጎረቤት ግቢ ይገባሉ። የፊትና የኋላውን ፓይለት ይዤ በመካከላቸው ያለውን አንግል ደረጃ በደረጃ ሳከፋፍለው ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

በዚያው ኃይል 64 ኳምንም ሞከርኩ። 6 ቢት ይሸከማል፣ ግን ነጥቦቹ ተጠጋግተው ያው ጫጫታ ደባለቃቸው። ዋይፋይ 7 እስከ 4096 ነጥብ ይደርሳል፤ ከራውተሩ ስትርቁ ግን ወደ ጥቂት ነጥቦች ይወርዳል። ስልኬ ጓዳ ስገባ ሳይቋረጥ የሚንቀራፈፈው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ቀጣዩ ሙከራዬ ፓይለት ሳይኖር ዙሩን መያዝ ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ ከየት ልጀምር?